ለካፖ ጋስፓሬ የወረደ ሙሾ

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ታኅሣሥ ፬ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእትዬ እጸገነት፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ አባዲስ እንዴት ነው? የባቡር ጥገናው ሥራ ከሙቀቱ ጋር እንዳልከበደው ተስፋ አለኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ሦስት ደብዳቤዎ ደርሶኝ ዝም በማለቴ ግን ሰበብ ከመደርደር ይቅርታ መጠየቁ ይሻለኛል። ይቅር ይበሉኝ።

ወንድምዎ ነጋሲ ራሱ ያልጻፈልዎ ሰንፎ አይደለም። እጁ ተቃጥሏል። አይደንግጡ፤ ሁለቱም እጆቹ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚያሠሩበትን ሰፈር እነሱ ካዛ ኢንቺስ ይሉታል፤ የኛ ሰው ከወዲሁ ካዛንቺስ ብሎ ተገላግሏል። እዚያ እኔ ቱርጁማን ነኝ፣ ወንድምዎ ግንበኛ ነው፤ የሁለታችን አለቃ ደግሞ ካፖ ጋስፓሬ የሚባል ፊቱ የቀላ ሰው ነበር። ኅዳር ፲፪ ቀን ከምሳ በኋላ ኖራ ወደሚፈላበት ጉድጓድ ሄደ። ቪኖ የሚሉትን የወይን ጠጅ ቀምሶ ነበር፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ደኅና አድርጎ ቀምሶ ነበር። ጣውላው ላይ ቆሞ እኛን ሲቆጣ ጣውላው ዞረበትና ሰውየው ጉድጓዱ ገባ። ሌሎቻችን ቆመን ስንጮህ ነጋሲ በሆዱ ተኛና ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ኖራው ውስጥ ከትቶ ጎትቶ አወጣው። ሰውየው ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆይቶ አረፈ።

ቀብሩ ትልቅ ነበር። የቂርቆሷን አልቃሽ እማማ ተናኘወርቅን ያስታውሷቸዋል። የጋስፓሬን ልብስ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። ሬሳው በደጃቸው ሲያልፍ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና ሙሾ አወረዱለት። «ሳሙና እየጨመረ ሲሰጠኝ የኖረ ሰው ያለ እንባ አይሄድም» አሉ። ጣሊያኖቹም ሰልፉን አቁመው አዳመጡ።

ነጋሲ ለጊዜው እኔ ጋ አያድርም። ሲመቸው ራሱ ይጽፍልዎታል። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል፤ እናንተ ጋ መቼም ብርድ የሚባል ነገር የለም። ለአባዲ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አብርሃ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩

አብርሃ፣

እንደምን ነህ? እኛ ደኅና ነን፣ ላቡም የለመድነው ነው።

ደብዳቤህ ያለ ልማድህ ረዝሟል። አንተ ስታስረዝም ደግሞ የምትደብቀው አለ። የእናቴን እንስራ የሰበርህ ቀን እስኪመሽ ስለ ዝናብ ስታወራ ነበር። እንግዲህ ስለ ብርዱ አውርተህልኛልና እንስራው የት ነው?

ጅብሪል ነገረኝ። ደብዳቤያችንን በጉያው ሸሽጎ የሚያመላልስ የባቡር ሠራተኛ ከደብዳቤው በላይ ያውቃል ብለህ አልጠረጠርህም? ለገሃር ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራውን እኔ እዚህ ከዚራ ጣቢያ ላይ ቆሜ ሰማሁ። «እህቴ፣ ወንድምሽን አስረውታል እኮ፤ ጣሊያን ገድሏል ይላሉ» አለኝ። እኔም ስቄ «የኔ ወንድም በዓል ሲመጣ ዶሮውን ሰው ያርድለታል» አልኩት። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ቀረ።

ከየካቲቱ እሳት በኋላ ባሌ እጄን ይዞ ከአዲስ አበባ ሲያስወጣኝ ነጋሲን ለማን አደራ ብዬ ነበር? ለእግዚአብሔርና ላንተ። እግዚአብሔርን ጠይቄዋለሁ። አሁን የቀረኸው አንተ ነህ።

አንድ የየመን መድኃኒት ሻጭ ያዘጋጀውን ቅባት በጅብሪል እጅ ልኬያለሁ። ለእጁ ይሁን። የታሰረው የት ነው? ምን አደረገ ነው የሚሉት? ማንስ ነው ያየው? ሦስቱን ጥያቄ በሦስት መስመር መልስልኝ። ስለ አየሩ አትጻፍ።

እጸገነት


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ታኅሣሥ ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእትዬ እጸገነት፣

በሦስት መስመር ላደርገው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ወንድምዎ ወህኒ ቤት ነው። በቅዳሜና በረቡዕ ምግብ አስገባለሁ። ቅባቱ ደርሷል፤ አንዱን ዘበኛ ለምኜ አስገብቼዋለሁ። የጦር ፍርድ ቤት ይቀርባል ተብሏል። ሽፍቶችን አስገብቶ ካፖ ጋስፓሬን አስገድሏል ነው የሚሉት። ፍርዱ ምን እንደሚሆን እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ቃሉን አልጽፈውም።

ኖራው እንዴት ሽፍታ ሆነ ማለትዎ አይቀርም። እኔም ራሴ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው። አዲሶቹ ቤቶች በሚያዝያ በሮማ በዓል ቀን ይመረቃሉ። በሌላው ሰፈር ያሉት ጥቁር ሸሚዞች በየሙታቸው ስም አደባባይ ሰይመዋል። በኛ ሰፈር ያለው ፋሺዮ የሚሉት የፓርቲያቸው ማኅበር ግን ሙት አልነበረውም፤ ጸሐፊው በዚህ ሲያፍር እንደ ኖረ ከአፉ ሰምቻለሁ። ጋስፓሬ ሲሞት ለሁለት ቀን ነገሩ የአንድ ሰካራም ሞት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ጥቁር ጨርቅ የተሰፋበት ባንዲራ አሠራ። በሳምንቱ በጋዜጣ ወጣ፦ «መቶ ሽፍታ ከቦ ጥይት ሲያዘንብበት ደረቱን ሰጠ፣ ጀርባውን ግን አላሳየም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ከሃዲው ግንበኛ» ብሎ የነጋሲን ስም ከነአባቱ ጽፎታል።

አሁን በየማለዳው ሥራ ሳንጀምር እንሰለፋለን። ጸሐፊው የጋስፓሬን ስም ይጠራል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ፕሬዜንቴ» ይላል። «አለሁ» ማለት ነው ብዬ ለግንበኞቹ ስተረጉምላቸው ቡልቻ የሚባለው ጠራቢ «ካለ ታዲያ ለምን ቀበርነው?» አለኝ። እኔ የማውቀው ጋስፓሬ የፋሺዮውን ካርድ ለእንጀራ ብሎ ያወጣ ሰው ነው። ጥቁር ሸሚዙን የግንብ ማስተካከያ ውሃ ልኩን ይጠቀልልበት ነበር። እማማ ተናኘወርቅ በሁለት ዓመት አንድ ቀን ብቻ እንዳጠቡት ነግረውኛል። አሁን ያ ሸሚዝ በመስታወት ተደርጎ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሏል።

የኛም ሰው አልረዳኝም። ቂርቆስ ጠላ ቤት ስገባ የነጋሲ ጓደኛ ነው ብለው በነጻ ያጠጡኛል። «ጎበዝ ነው፣ ጣለው» ይላሉ። «ኧረ አልጣለውም፤ ጎትቶ ሊያድነው ነው የተቃጠለው» ስል «አዎ፣ እንዲያ በል» ብለው ይጠቅሱኛል። ጉድጓዱ አጠገብ ከነበሩት አሥር ሰዎች ስድስቱ አሁን የተኩስ ድምፅ እንደ ሰሙ ይምላሉ። እነሱም ተጠያቂ እንዳይሆኑ ፈርተው ይሁን ኮርተው፣ እኔ መለየት አቅቶኛል።

ማን አየ ላሉት፣ ምስክር አለ ይላሉ። ማን እንደ ሆነ አላጣራሁም።

አብርሃ


ድሬዳዋ
ጥር ፮ ቀን ፲፱፻፴፩

አብርሃ፣

ጋዜጣው ይላል ያልከውን ለአባዲ ሳነብለት ሁለተኛው ቃል ላይ ሳልደርስ ቀሪውን በቃሌ ጨረስሁለት። እሱም «ጋዜጣውን የት አየሽው?» አለኝ። ጋዜጣ አላየሁም። ባላምባራስ ኦልጅራ የሞቱ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እማማ ተናኘወርቅ ደረታቸውን እየደቁ እንዲህ ብለው ነበር፦

መቶ ሽፍታ ከቦት ጥይት ሲዘንብበት፣
ደረቱን ሰጠ እንጂ ጀርባ መች ታየበት።

ባላምባራስ የሞቱት በሆድ ቁርጠት ነው። ቀብሩ ላይ የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ ያጠጧቸው ኮሶም በዝቶ ነበር። ሚስታቸው ግን ሙሾውን ሰምተው አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። «የት ነው ሽፍታው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገን። ከዚያ ወዲህም ለቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ያንኑ ደግመውታል፤ እሳቸው ደግሞ የሽፍታ ጥላ እንኳ አይተው አያውቁም።

እንግዲህ ይህ የሙሾ ቤት ከእማማ ተናኘወርቅ አፍ ወጥቶ በጣሊያንኛ ጋዜጣ ላይ ገባ። በራሱ እግር አልሄደም። እዚያ ቀብር ላይ ከሰልፈኛው ጋር የቆመ፣ አማርኛም ጣሊያንኛም የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?

ስሙን ካንተው እጅ ማንበብ እፈልጋለሁ።

እጸገነት


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩

እትዬ፣

እኔ ነኝ።

ከዚህ በላይ ባልጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልዋሽዎ የሆነውን ልንገርዎ። እማማ ተናኘወርቅ ሙሾውን ሲያወርዱ ጸሐፊው ወደ እኔ ዞሮ «ምን ትላለች?» አለኝ። «እንደ ወጋችን ታለቅሳለች» ብል ይበቃ ነበር። ሦስት ቃል ነው። ነገር ግን ቤቱ አማረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ድንጋይ አምጣ»፣ «ጭቃ አቅጥን» ስተረጉም ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም። በነሱም ቋንቋ ቤት እንዲመታ አድርጌ አወጣሁት። ጸሐፊው ደብተሩን አወጣና «ድገመው» አለኝ። ደገምሁለት። በማግስቱ ከጭቃው አንሥተው ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ሰጡኝ። እውነቱን ልናገርና ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መቶ ሽፍታ ከተኮሰ መቶ ሽፍታ ያስገባ ሰው ሊኖር ነው። ዙሪያውን ሲያዩ እጁ የተቃጠለ ሰው አገኙ። «ባሩድ ነው» አሉ። ምስክሩ እማማ ተናኘወርቅ ናቸው፤ እሳቸው ግን መመስከራቸውን እንኳ አያውቁም። ነጋሲ ሲመረመርም ያስተረጎምሁት እኔ ነበርሁ። መጀመሪያ ሲያየኝ ደስ አለው፤ ዘመድ ገባልኝ ብሎ። «አብርሃ፣ ንገራቸው እንጂ፤ አንተም እዚያ ነበርህ እኮ» አለኝ። ያን ተረጎምሁ። መርማሪው «አንተ እዚህ አፍ ነህ እንጂ ዓይን አይደለህም» አለኝ። እኔም አፍ ሆኜ ቀረሁ። ነጋሲ ከዚያ ወዲያ ሲመልስ እኔን አያየኝም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

በቅዳሜ ምግቡን ሳስገባ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፣ መልእክት ግን የለውም።

ፈርቼ ነው፣ እትዬ። ጠረጴዛው እንዳይቀርብኝ አይደለም የፈራሁት፤ ለራሴ ነፍስ ነው። ልረግምህ አይገባም አይበሉ፤ ይርገሙኝ። አባዲ እንዳያነበው ግን አደራ፤ እሱ ፊት ማፈሩን አልችለውም።

አብርሃ


ድሬዳዋ
ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፴፩

አብርሃ፣

ደብዳቤህን ባነበብሁ በሦስተኛው ቀን ብዕር አንሥቼ «አደራ በላ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከዚያ ሌላ የምጨምረው አጣሁና ቀደድሁት። አንተን መስደብ ወንድሜን አያስፈታውም።

አልረግምህም። ርግማን ሥራ ለሌለው ሰው ነው፤ አንተ ሥራ አለህ። እማማ ተናኘወርቅን ይዘህ ዳኛው ዘንድ ትሄዳለህ። ሙሾ ምን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚወርድ፣ ባላምባራስ ኦልጅራም በምን እንደ ሞቱ ታስረዳለህ። ሆስፒታሉ የጻፈው ወረቀት አለ፤ የተቃጠለ ሰውና የተተኮሰበት ሰው ለሐኪም አንድ አይደለም። ያን ጠይቅ። ሰዎቹ «ጎበዝ» እያሉ ጠላ ሲያጠጡህ አትጠጣ። የሰፈሩ ሰው ጀግና አማረው፣ ጥቁር ሸሚዞቹ ሰማዕት አማራቸው፤ ሁሉም የሚያምረው በነጋሲ አንገት ነው። እኔ ጀግና ወንድም አልፈልግም። ወንድሜን ነው የምፈልገው።

ፈርቻለሁ ላልከው፣ ፍራ። ፈርተህም ቢሆን ሂድ።

አባዲ አላነበበውም።

እጸገነት


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእትዬ እጸገነት፣

መዘግየቴን ዛሬ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነጋሲ ተፈቷል። ሰኞ በሚነሣው ባቡር ጅብሪል ይዞት ይመጣል። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት ቀሪውን ተረጋግተው እንዲያነቡት ነው።

እማማ ተናኘወርቅ ዘንድ ሄጄ ሙሾዎ ሰው ሊያስገድል ነው ብላቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ተቀመጡ። «እኔ እኮ እንደ ሰው ነው ያለቀስሁለት፤ እነሱ የሚያለቅስላቸው የለም እንዴ?» አሉኝ። ነጠላቸውን አጥበው እስኪደርቅ ጠብቄ ሄድን። ዳኛው የሠራዊት መኮንን ነው፤ ጥቁር ሸሚዞቹን እንደማይወድ ይወራል፣ እኛን ግን ይወዳል ማለት አይደለም። አሥራ አንድ ቀን ደጅ ጠናን።

ስንገባ ቱርጁማን ሆኜ ሳይሆን ምስክር ሆኜ እንደ መጣሁ ተናገርሁ። ጉድጓዱን፣ ጣውላውን፣ ቪኖውን፣ የነጋሲን እጅ፣ የኔንም ትርጉም አንድ በአንድ ነገርሁት። ሙሾ ላይ ስደርስ አስቆመኝ። «ይህች ሴት አይታ ካልሆነ ለምን እንዲህ ትላለች?» አለ። እንደ ወጋችን ነው አልሁት፤ አልገባውም። ትንሽ አሰበና «አባቴ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ሰማንያ ዓመት ኖሮ አልጋው ላይ ሞተ። እስቲ አልቅሺለት» አላቸው።

እማማ ተናኘወርቅ የአባቱን ስም ጠየቁ፣ ተነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግራና ቀኝ ተወዛውዘው አወጡት፦

ነብር ቢመጣበት ጋሻውን አንሥቶ፣
ጥሎት ነው የመጣ ጎኑን በጦር ወግቶ።

ያን ጊዜ ምንም አላሳመርሁም፤ ቃል በቃል ተረጎምሁለት። ዳኛው «አባቴ ድመት ይፈራ ነበር» አለ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሊስቅ ቀና ሲል የዳኛውን ዓይን አይቶ አቀረቀረ፤ የዳኛው ዓይን እንባ ሞልቶት ነበር። እማማ «አየህ፣ ነብሩን ማንም አላየውም፤ አንተን ግን አስለቀሰህ» አሉት። ያንንም ተረጎምሁለት።

ከዚያ የሆስፒታሉን ወረቀት አስመጣ። ኖራ ይላል። ጥይት አይልም። ከመጀመሪያውም ኖራ ነበር የሚለው፤ ወረቀቱን ያስመጣ ሰው ነበር የጠፋው። ዳኛው ግን እንዲህ አለኝ፦ «የመታሰቢያው ድንጋይ ተቀርጿል፣ ስሙ ለሮማ ተልኳል። ድንጋይ አላርምም። ሰው ግን መፍታት እችላለሁ።» መዝገቡ ላይ «ገዳዩ አልታወቀም» ተብሎ ተጻፈ። ነጋሲ ከአዲስ አበባ እንዲወጣ፣ እኔም እንዳላወራ ታዘዝን። ጠረጴዛዬን ተቀምቻለሁ፤ አሁን ኮተቤ መንገድ ላይ ካለው ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ሲጫን እቆጣጠራለሁ። ቀላል ቅጣት ነው።

ወህኒ ቤት በር ላይ ነጋሲን ተቀበልሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «ርቦኛል» አለ። በላን። እጁን ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ በጨርቅ የጠቀለልሁት እኔ ነኝ፣ ከውስጥ ያለውን ግን ልጽፍልዎ አልቻልሁም።

አብርሃ


ድሬዳዋ
መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፴፩

አብርሃ፣

ደርሷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ቃል አስቤ ነው የጻፍሁት።

ልትጽፍልኝ ያልቻልኸውን እጁን አየሁት። ቆዳው ድኗል፤ ጣቶቹ ግን ለመታጠፍ እንቢ ብለዋል። ወህኒ ቤት ሲደርቅ እንዲያው ቀርቶ ነው ይላል የየመኑ መድኃኒት ሻጭ። መዶሻ አይዝም። እኔ አጎርሰዋለሁ፤ በልጅነቱ ያስቸግረኝ እንደ ነበረው አፉን ዘግቶ ያስቸግረኛል። አባዲ ባቡር ጣቢያው በር ላይ የሚቆም ሥራ ሊፈልግለት ነው። ሁለት ቀን ለብቻዬ አለቀስሁ፣ አሁን ተውሁት።

ካንተ ጋር ተቀይሞ እንደ ሆነ ማወቅ ሳትፈልግ አትቀርም። ጠየቅሁት። «ተቀይሜ ነበር፤ ከወህኒ ስወጣ ሲያጎርሰኝ ረሳሁት» አለ። እንዲያ ነው ያለው፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶታል፣ ላንተ እንድጽፍ ያዘዘኝም እሱ ነው። ጋስፓሬን ከጉድጓዱ ሲያወጣው ሰውየው እጁን አልለቅ ብሎት ነበር። እናቱን ይጠራ ነበር። «ማማ» የሚለው በኛም ቋንቋ ያው ነው ይላል ነጋሲ። አሁን ያቺ እናት ልጇን መቶ ሽፍታ እንደ ገደለው፣ ያስገደለውም ነጋሲ የሚባል ሰው እንደ ሆነ ታውቃለች። ጋዜጣውን እንደ ላኩላት ዘበኞቹ ሲያወሩ ሰምቷል። «ለሷ እኔ ገዳይ ነኝ። እስክትሞት እንዲያ ልትለኝ ነው» ይላል። እኔ ተወው ብዬው ነበር፤ በባሕር ማዶ ያለች አንዲት ጣሊያን ምን ብትል ምን ታመጣለች? እሱ ግን ይህን መተው አልቻለም።

ቋንቋውን የምታውቅ አንተ ነህ። ጻፍላት። አታሳምረው።

እጸገነት


አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ
ሰኔ ፰ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእትዬ እጸገነት፣

እንደምን ከረማችሁ? እዚህ ዝናቡ ገብቷል። ይቅርታ፣ ስለ አየሩ አልጽፍም።

የጋስፓሬ እናት መልስ መጥቷል። በመጋቢት የጻፍሁትን ወረቀት ጋስፓሬን ያስታመመችው መነኩሲት አገሯ ስትሄድ በመጽሐፏ ውስጥ ይዛልኝ ሄደች፤ በፖስታ ቢሄድ ተከፍቶ ይነበብ ነበር። እሷም የኖራውን ቃጠሎ አይታለችና ሴትዮዋ ዘንድ ድረስ ሄዳ በአፏም ነግራታለች። መልሱን ደግሞ በሌላ መነኩሲት እጅ ልካዋለች። ሴትዮዋ ፊደል አታውቅም፤ የጻፈላት የሰፈሯ ቄስ ነው። እንደ አዘዛችሁኝ ሳላሳምር ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፤ ለነጋሲ ያንብቡለት።

«ልጄ ጀግና ሆኖ ሞተ ብለው በየበዓሉ ከፊት ወንበር ያስቀምጡኛል። ጥቁር ለብሼ እቀመጣለሁ። ስሙ ሲጠራ ሁሉ ‹አለ› ይላሉ፤ እኔም እላለሁ። ከእንግዲህም እላለሁ፣ ካላልሁ ምን እንደሚያደርጉኝ አታውቁም። ግን እኔ ልጄን ስለማውቅ መቶ ሰው ፊት ቆመ ሲሉኝ አላመንሁም ነበር፤ ሌላ የምይዘው ስላልነበረኝ ያዝሁት። እጁን የያዘለት ሰው እንደ ነበረ አሁን ሰማሁ። ያ ሰው ግን ጋዜጣው ላይ ያለው ሰው ነው። ለአምስት ወር በየማለዳው ሻማ አብርቼ በስሙ ስረግመው ነበር። ርግማን እንዴት እንደሚመለስ ቄሱን ጠየቅሁት። አላውቅም አለኝ። እናንተ አገር የሚያውቅ ካለ ጠይቁልኝ። ደርሶበት እንደ ሆነም ንገሩኝ።»

ይኸው ነው። ከሥር ጣቷን በቀለም ነክራ አትማበታለችና ወረቀቱንም አብሬ ልኬዋለሁ።

የሚያዝያውን ምርቃት ደግሞ ልንገርዎ። አደባባዩ በስሙ ተሰይሟል። እማማ ተናኘወርቅን ዳግም እንዲያለቅሱ ሰው ልከውባቸው ነበር፤ ታምሜያለሁ ብለው በር ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲሞት «በምን ሞተ?» ብለው ሳይጠይቁ አያለቅሱም። የቂርቆስ ሰው ቅር ብሎታል፤ ሙሾው ቀዘቀዘ ይላል።

ለሴትዮዋ ምን ብዬ ልጻፍላት? መልሱን ያመጣችው መነኩሲት በሐምሌ መጀመሪያ ትመለሳለች።

አብርሃ


ድሬዳዋ
ሰኔ ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩

አብርሃ፣

አነበብሁለት። እንድደግመው ጠየቀኝ፣ ደገምሁለት። የጣቷን አሻራ በማይታጠፉት ጣቶቹ ዳስሶ ሲያየው ቆየ። አባዲ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ርግማን የሚመልስ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ብዬ እዚህ ያሉትን አንድ መምህር ልጠይቅ ነበር፤ ነጋሲ ግን አያስፈልግም አለኝ። መልሱን ራሱ ሰጥቷል፤ እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ «ደኅና ነኝ። ርግማኑ አልደረሰብኝም።»

ስለ እጁ አንዲት ቃል አትጻፍላት።

እጸገነት